የልብ ዕረፍት ብቻውን አይበቃም፦ «ልብህ ያረፈበት ፈቃዱ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በዚህ ሰሞን ባሕር ዳር ውስጥ በሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የሰነበተ ጽሑፍ አለ። ርእሱ «ልብህ ያረፈበት ፈቃዱ ነው» ይላል። አጭርና ለማንበብ የሚጥም ስለሆነ ብዙ ሰው ተቀባብሎታል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ክርስቲያን ስለ ትዳር፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ስደት ሲወስን ይጸልይ፤ ከጸለየ በኋላ ልቡ ካረፈ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው። መንገዱ ያለ ችግር ከተከፈተለትም ማረጋገጫ አገኘ ማለት ነው። ሕልም ወይም ራእይ ከመጣለት መመርመር ድፍረት ነውና እንዳለ ይቀበል። መለየት የገዳማውያን ጸጋ ስለሆነ፣ ግራ የገባው ሰው ወደ አንድ ባሕታዊ ሄዶ የተባለውን ይፈጽም። በመጨረሻም ጸበል የጀመረ ሕመምተኛ ልቡ ካረፈ መድኃኒቱን ቢያቆም እምነቱን ያሳያል ይላል።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም፤ በቅንነት እንደጻፉት ግን ያስታውቃል። ሳይጸልይ በስሌት ብቻ የሚወስን ክርስቲያን በዝቷል ማለታቸውም እውነት ነው፤ በዚህ አልከራከራቸውም። የምከራከራቸው ከጸሎት ጋር አብሮ የሚሄደውን ሥራ፣ መመርመርን፣ ጨርሰው ስላስቀሩት ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት ከወጣቶች ጋር ብዙ ዘመን ቆይቻለሁና ይህ ሥራ ሲቀር ምን እንደሚከተል በቅርብ አይቻለሁ።

ስለ ልብ ዕረፍት ጸሐፊው ማስረጃ ያደረጉት ቆላስይስ 3፥15ን ነው፦ «የክርስቶስ ሰላም በልባችሁ ይግዛ»። ጥቅሱን ግን ሙሉውን አላስቀመጡትም። ሐዋርያው የሚጀምረው «በአንድ አካልም የተጠራችሁለት» ብሎ ነው። ሁለት ቁጥር ወደ ላይ ከፍ ብለን ስናነብ ደግሞ ታገሡ፣ ይቅር ተባባሉ የሚል እናገኛለን። ቅዱስ ጳውሎስ እዚህ ላይ የሚናገረው በምእመናን መካከል ሊነግሥ ስለሚገባው ሰላም ነው። ክፍሉን ዘግቶ ሥራ ልቀይር አልቀይር የሚል ሰው ስለሚሰማው ስሜት እያስተማረ አይደለም። ጥቅሱን በቦታው ካነበብነው የሚያስነሣብን ጥያቄ ሌላ ነው፦ ይህ ውሳኔዬ ከሚስቴ፣ ከእናቴ፣ ከወንድሜ ጋር ያለኝን ሰላም ምን ያደርገዋል?

ዮናስን እንመልከት። ወደ ነነዌ ሂድ ተብሎ ወደ ተርሴስ ኮበለለ። ማዕበሉ መርከቧን ሊሰብራት ሲደርስ፣ መርከበኞቹ እያንዳንዳቸው ወደ አምላካቸው ሲጮኹ፣ ዮናስ ከታች ወርዶ ከባድ እንቅልፍ ተኝቶ ነበር። በዚያች መርከብ ላይ ልቡ ያረፈ አንድ ሰው ቢኖር ከእግዚአብሔር ፊት የሸሸው ዮናስ ነው። ጌታችን ግን በጌቴሴማኒ የአባቱን ፈቃድ ሊፈጽም ሲቃረብ ተጨነቀ፤ ወዙም እንደ ደም ነጠብጣብ ይወርድ ነበር። የልብ ዕረፍት የፈቃዱ መለኪያ ከሆነ ያችን ሌሊት በምን እንለካታለን?

ዕረፍት ከብዙ ቦታ ይመጣል። ለወራት ሲያመነታ የከረመ ሰው የቱንም ቢወስን ወዲያው ይቀለዋል፤ መወሰኑ ራሱ ያሳርፋል። ኃጢአትን የለመደ ሕሊናም ያርፋል። ከወጣቶቻችን አንዷ ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ከደላላ ጋር የጀመረችውን ጉዳይ ስታጫውተኝ፣ «ሱባኤ ይዤ ጸልያለሁ፣ ልቤም ዐርፏል፤ ሌላ ምን ቀረኝ?» አለችኝ። ቁጭ ብለን ስናወራ ያሳረፋት ነገር ቀስ እያለ ወጣ። አባቷ ለታናሽ ወንድሟ ሕክምና ከአራጣ አበዳሪ የወሰደው ገንዘብ ነበረ፤ በዚያ ሰበብ ቤቱ ውስጥ በየሳምንቱ የሚነሣው ንትርክ አንገሽግሿታል። «እሄዳለሁ» ያለች ዕለት ንትርኩ ቆመ። ያንን ጸጥታ ነው የእግዚአብሔር መልስ አድርጋ የወሰደችው። መሄድሽ ስሕተት ነው አላልኳትም፤ ያንን የመወሰን ሥልጣንም የለኝም። ዕረፍትሽ ከየት እንደመጣ ሳታጣሪ እንዳትፈርሚ ብቻ አልኳት። ሰላም የመንፈስ ፍሬ መሆኑን ገላትያ 5፥22 ይነግረናልና ምስክርነቱን አልጥልም። ነገር ግን ነገር ሁሉ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር አፍ ይጸናል የተባልን ሰዎች ነን፤ ጸሐፊው በአንድ ምስክር ፋይሉን ዘጉት።

«መንገዱ ከተከፈተ ማረጋገጫ ነው» በሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። ዮናስም ኢዮጴ ሲወርድ ወደ ተርሴስ የምትሄድ መርከብ አግኝቷል፤ ዋጋዋንም ከፍሎ ገብቷል። ቅዱስ ጳውሎስ ደግሞ በጢሮአዳ በር ተከፍቶለት ሳለ ቲቶን ስላላገኘው መንፈሱ ዕረፍት አጥቶ ወደ መቄዶንያ መሄዱን በ2ኛ ቆሮንቶስ 2፥12-13 ይናገራል። በሩ ተከፍቷል፣ ልቡ ግን አላረፈም፤ በጸሐፊው ትምህርት የቱን ይከተል ነበር? ሁለቱ መለኪያዎች እርስ በርሳቸው ሲጣሉ የሚያስታርቃቸው ሦስተኛ ነገር በጽሑፉ ውስጥ የለም። በእኛ ከተማ የደላላ ጉዳይ ቶሎ የሚሳካው ደግሞ ደላላው የሚያገኘው ገንዘብ ስላለ ነው፤ ይህን ለማወቅ ሱባኤ መያዝ አያስፈልግም።

ከሁሉ ያሳሰበኝ ስለ ሕልምና ስለ ራእይ የተጻፈው ነው። ጸሐፊው ራእይን መመርመር ድፍረት ነው ይላሉ፤ «አትፍረዱ» የሚለውንም ይጠቅሳሉ። «አትፍረዱ» ያለው የማቴዎስ 7ኛ ምዕራፍ ግን እዚያው ዝቅ ብሎ ከሐሰተኞች ነቢያት ተጠንቀቁ፣ «ከፍሬያቸው ታውቋቸዋላችሁ» ይላል። በ1ኛ ዮሐንስ 4፥1 «መንፈስን ሁሉ አትመኑ፥ ነገር ግን መናፍስት ከእግዚአብሔር ሆነው እንደ ሆነ መርምሩ» ተብለናል። ቅዱስ ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ትንቢትን አትናቁ ካለ በኋላ ሳይውል ሳያድር «ሁሉን ፈትኑ፥ መልካሙን ያዙ» አላቸው። አለመናቅና መፈተን በአንድ እስትንፋስ የታዘዙ ናቸው።

መመርመር ድፍረት ቢሆን ኖሮ ከእመቤታችን በላይ ማን በተነቀፈ ነበር? ቅዱስ ገብርኤል ሲገለጥላት «ይህ እንዴት ያለ ሰላምታ ነው?» ብላ አሰበች፤ ቀጥላም «ይህ እንዴት ይሆናል?» ብላ ጠየቀች። መልአኩም በማክበር መለሰላት። ቅዱስ ጴጥሮስ በኢዮጴ ሰገነት ላይ ያየውን ራእይ ምን ይሆን እያለ ሲያመነታ ነበር የቆርኔሌዎስ መልእክተኞች የደረሱት። ስድስት ወንድሞችን ይዞ ሄደ። ኢየሩሳሌም ሲመለስ ወቀሱት፤ እሱም «ራእይ አይቻለሁ፣ አትጠይቁኝ» አላለም፤ ከመጀመሪያው አንሥቶ በተራ አስረዳቸው። እውነተኛ ራእይ፣ ያውም የሐዋርያት አለቃ ያየው፣ በወንድሞች ፊት ቀርቦ ተመርምሯል። ተቃራኒውን ማየት የሚፈልግ 1ኛ ነገሥት 13ን ያንብብ፦ በቤቴል ምግብ እንዳይቀምስ የታዘዘው የእግዚአብሔር ሰው፣ አንድ ሽማግሌ ነቢይ «መልአክ ነገረኝ» ብሎ ሲዋሸው ሳይመረምር አመነው፤ በመንገድም አንበሳ ገደለው።

ይህ በእኛ ግቢ ውስጥ እንዴት እንደሚሆን ላሳይ። ዓባይ ማዶ የምትኖር አንዲት እናት፣ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፣ የባሏ እህት ጀበናዋ ውስጥ ጥቁር ነገር ስትጨምር በሕልሟ አየች። ሲነጋ ለጎረቤት ነገረች። ጎረቤቷ «መተት ነው» አለቻትና አጥማቂ ነኝ የሚል ሰው ዘንድ ወሰደቻት፤ እሱም ሕልሙን ሰምቶ ሳይጨርስ «ከቤተሰብሽ አንዲት ሴት አለች» አላት። ሁሉም ነገር የገጠመ መሰላት። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ግቢ የሚኖሩ፣ በአንድ ምጣድ የሚጋግሩ ነበሩ። በጥቂት ቀን ውስጥ ሰላምታ ተቋረጠ፤ ልጆቹም አብረው እንዳይጫወቱ ተከለከሉ።

በስተመጨረሻ ወደ ንስሐ አባቷ ሄደች። እሳቸው ሕልሙን አልናቁባትም፤ እስከ ዳር ሰሟት። ከዚያ መጠየቅ ጀመሩ።

«ልጄ፣ ሕልሙን ካየሽበት ሌሊት በፊት ከእሷ ጋር ምን ነበራችሁ?»

«ምንም አባቴ።»

«ከዚያስ ቀደም ብሎ?»

ትንሽ ዝም ብላ የዕቁብ ነገር አነሣች። በጋራ የገቡበት ዕቁብ ወጥቶ ድርሻዋ አልደረሳትም ነበር።

«ሕልሙን ካየሽ ወዲህ ጸሎትሽ እንዴት ነው?»

«ኧረ ተዉኝ አባቴ! ውዳሴ ማርያሙን እንኳ መድገም አቅቶኛል፤ ገና መጽሐፉን ስገልጥ እሷ ፊቴ ላይ ትመጣለች።»

«እንግዲያው ጸሎት አስትቶ ቂም ያስያዘ ሕልም የማን እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ አንሄድም። እስከ እሑድ ለማንም እንዳትናገሪው። የዕቁቡን ሒሳብ ግን ዛሬ ማታ ባልሽ ባለበት ተሳሰቡ።»

ሲተሳሰቡ ገንዘቡ ለባልየው ተሰጥቶ ተገኘ፤ እሱም ለባጃጁ ጎማ አውሎት ሳይናገር ቀርቷል። እንዲስተዋልልኝ የምፈልገው የአባ አጠያየቅ ነው። ከሕልሙ በፊት ልቧ ውስጥ ምን እንደነበረ ጠየቁ። ሕልሙ ወዴት እየመራት እንደሆነ፣ ወደ ጸሎት ወይስ ወደ ጥላቻ፣ ጠየቁ። ጊዜ ሰጡት፤ የእግዚአብሔር የሆነ ነገር እስከ እሑድ ቢቆይ አይበላሽም። በእጅ ሊጣራ የሚችለውን ደግሞ በእጅ አጣሩ። ይህ ሁሉ ለሕልም ክብር አለመስጠት አይደለም። ጻድቁ ዮሴፍ በሕልም ታዝዞ ሕፃኑንና እናቱን ከሄሮድስ አድኗል። ያ ሕልም ግን የጠራው ሌላውን ለመጠበቅ፣ ራሱን ለስደት ለመስጠት ነበር፤ የማንንም እህት ከግቢ አላስወጣም። ጸሐፊው እንዳሉት «እንዳለ ተቀበይ» ተብላ ቢሆን ኖሮ ያ ቤት ዛሬ ለሁለት ተከፍሎ ነበር።

አሁን ወደ አራተኛው ነጥብ፣ መለየት የገዳማውያን ነው ወደሚለው ልምጣ። የጣና ገዳማት ጸሎት ይህን አገር ጠብቆ እንደኖረ አምናለሁ፤ ጀልባ ተሳፍሮ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ደርሶ መመለስ ለነፍስ ምን እንደሚሰጥም አውቃለሁ። ገዳማዊ መሆን ብቻውን ከስሕተት እንደማያድን የሚነግሩን ግን ራሳቸው የገዳም አባቶች ናቸው። በግብፅ በረሃ አባቶች መነኩሴን ከጠላት ወጥመድ ጠብቆ ወደ እግዚአብሔር የሚያደርሰው የትኛው ምግባር ነው ብለው ሲወያዩ፣ አንዱ ጾምን፣ አንዱ ብሕትውናን፣ አንዱ ምጽዋትን አነሣ። ታላቁ አባ እንጦንስ ግን እነዚህን ሁሉ ይዘው ማስተዋል በማጣት የወደቁ ብዙዎች መሆናቸውን ነገራቸው። አባ ሄሮን የሚባለው መነኩሴ 50 ዓመት በበረሃ የኖረ ነበር። ጾሜን እንዳልፈታ ብሎ በትንሣኤ ቀን እንኳ ከወንድሞች ጋር ማዕድ አይቀርብም ነበር። ሰይጣን የብርሃን መልአክ መስሎ መጣና ጉድጓድ ውስጥ ቢወረወር ስለ ትሩፋቱ ብዛት ምንም እንደማይሆን ነገረው፤ ተወረወረ፣ በሦስተኛውም ቀን ሞተ። ጸጥታውም ተጋድሎውም አልጎደለውም። የጎደለው «ቆይ ወንድሜ፣ ይህን ማን ነገረህ?» የሚለው ሰው ነው፤ ያንንም ያጣው ከማዕዳቸው ስለራቀ ነው።

በእኛው ሐይቅ ዳር ደግሞ እናታችን ወለተ ጴጥሮስ አለች። እ.ኤ.አ. በ1592 ተወልዳ በ1642 ያረፈች፣ ስሟ በጣና ዳር በቁራጣ እስከ ዛሬ የሚጠራ ቅድስት ናት። የገድሏን መጀመሪያ የሚያነብ ሰው የሚያገኛት ባለትዳር ሆና ነው፤ ባሏ መልክአ ክርስቶስ የንጉሥ ሱስንዮስ ባለሟል ነበር። ሦስት ልጆቿ በሕፃንነታቸው ከሞቱባት በኋላ ልቧ ወደ ምንኵስና አዘነበለ፤ ወጥታም ሄደች። ባሏ እሷን ፍለጋ ወጥቶ በሰበቧ ሕዝብ መከራ ሲቀበል ጊዜ ግን ተመለሰች። በኋላ ባሏ በጳጳሱ በአቡነ ስምዖን መገደል እጁ እንዳለበት ስታውቅ ለሁለተኛ ጊዜ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልመለሳትም። ፍላጎቷ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ነበር። የልቧን ዝንባሌ ብቻ ብትከተል ኖሮ መጀመሪያ ባልተመለሰች ነበር። በመጀመሪያው ንጹሐን ሰዎች ሲጎዱ አየች፣ በሁለተኛው ሃይማኖቷ ሲነካ አየች፤ በእነዚህ መዝና ወሰነች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ገና የሰው ሚስት ነበረች።

ዕብራውያን 5፥14 ጠንካራ ምግብ «መልካሙንና ክፉውን ለመለየት በሥራቸው የለመደ ልቡና ላላቸው» ነው ይላል። በልምድ የሚገኝ ነገር ነው ማለት ነው። ጣና ዳር ዓሣ የምትገዛ እናት ሻጩ «አሁን ከሐይቁ የወጣ ነው» ቢላትም በጣቷ ትጫነዋለች፣ ጉንጩን ገልጣ መቅላቱን ታያለች፤ ከእናቷ ጋር ገበያ እየወጣች የለመደችው ነው። ልቡናም በትንንሽ ነገር ነው የሚለምደው። «ይህን መልእክት ለ10 ሰው ካላስተላለፍክ መቅሠፍት ይደርስብሃል» የሚል የመልአክ ሥዕል ያለበት ጽሑፍ ስልካችን ላይ ሲመጣ፣ እግዚአብሔር በዚህ ዓይነት ማስፈራሪያ ይሠራል ወይ ብሎ ቆም ማለት አንድ ልምምድ ነው። ቢሮ ውስጥ ባልደረባችንን ገሥጸን ስንመለስ ያናገረን ለእውነት መቆርቆር ነው ወይስ ትናንት የተነካብን ክብር ብሎ ራስን መጠየቅ ሌላው ነው። ማታ ከመተኛታችን በፊት ጸሎት ላይ ቆመን የዋልንበትን ቀን ከጠዋት ጀምሮ መለስ ብለን ብናይ፣ የትኛው ሐሳብ ወደ ፍቅር እንደወሰደን፣ የትኛው መንፈሳዊ መስሎ መጥቶ ደረቅ አድርጎ እንደተወን ቀስ በቀስ መታወቅ ይጀምራል። የተናደድን፣ ያዘንን ወይም እንቅልፍ ያጣን ዕለት ትልቅ ውሳኔ አለመወሰንም ከዚሁ የሚመጣ ነው።

ምክር መጠየቅ ይገባል፤ ምክር መጠየቅና ፈቃድን ለማያውቁት ሰው አስረክቦ መምጣት ግን ይለያያሉ። ሕፃኑ ሳሙኤል በሌሊት ሲጠራ ሦስት ጊዜ ወደ ካህኑ ወደ ዔሊ ሮጠ። ዔሊ «እግዚአብሔር እንዲህ ሊልህ ነው» አላለውም፤ ተመልሰህ ተኛ፣ ቢጠራህ «አቤቱ ባሪያህ ይሰማልና ተናገር» በል ብሎ መልሶ ወደ እግዚአብሔር ላከው። ጥሩ የንስሐ አባት ይህን ያደርጋል። ጠባያችንን፣ ድካማችንን፣ ባለፈው ዓመት ምን ብለን እንደወደቅን ያውቃል። ጎዳና ላይ ያገኘነው፣ ስማችንን እንኳ የማያውቅ ባሕታዊ «ይህችን አግባ፣ ያንን ሥራ ተው» ሲለን ይህን ሁሉ ከየት ያመጣዋል? የማውቃቸው የገዳም አባቶች እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ ለሄደ ሰው የሚሰጡት የመጀመሪያ መልስ «ንስሐ አባትህን አማክረሃል?» የሚል ነው።

የቀረው ስለ መድኃኒት የተጻፈችው አጭር አንቀጽ ናት፤ ከጽሑፉ ሁሉ ሰው ልትገድል የምትችለው እሷ ናት። የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ መድኃኒት ጀምሮ ጥቂት ሳምንት ሲቆይ ሳሉ ይቀንሳል፣ የምግብ ፍላጎቱ ይመለሳል፣ ልቡም ያርፋል። የተለመደው ሕክምና ግን 6 ወር ይፈልጋል፤ በመካከል ቢያቋርጥ በሽታው መድኃኒት የማይበግረው ሆኖ ሊመለስና ወደ ልጆቹም ሊተላለፍ ይችላል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድም ደኅና የሆነው ስለሚወስደው ነው፤ ሲያቆም ቫይረሱ እንደገና ይበዛል። እዚህ ላይ የልብ ዕረፍት የሚያሳየው መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን ነው።

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጉዳይ ዝም አላለችም። ብዙ ሕሙማን እንጦጦ ጸበል ሲጎርፉ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉንም የኤች አይ ቪ መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን በይፋ ተናግረዋል። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን አክብር፣ እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር ፈጥሯልና ብልህ ሰው አይንቀውም ይላል። ወንጌላዊው ሉቃስ ባለ መድኃኒት ነበር። ጸበል ጠዋት ተጠምቆ ማታ ክኒኑን በሰዓቱ የዋጠ ሰው እምነቱ በምን ጎደለ?

ጸሐፊውን በትሕትና የምለምናቸው ይህችን አንቀጽ ዛሬውኑ እንዲያወጧትና መውጣቷንም ጽሑፉን ላሰራጩላቸው ሁሉ እንዲያስታውቁ ነው። በቀሩት ነጥቦች ላይ እየተጻጻፍን ልንቆይ እንችላለን።